በግግር በረዶ የተቆፈሩ ሐይቆች

በካናዳ፣ በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ ያለውን የጥድ ደን ከአየር ብንመለከተው ዓይናችንን የሚስበው ውኃው ነው። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ቀልጦ ያፈገፈገው ግግር በረዶ ግራናይቱን ፍቆ ቦርቡሮት ነበርና ጎድጓዳዎቹ ሐይቅ ሆኑ። አፈሩ ስስ፣ ውኃው በንጥረ ምግብ ድኻ ነው፤ በአቅራቢያው ከተማም እርሻም የለም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 እነዚህን ሐይቆች እንደ ግዙፍ የቤተ ሙከራ ብልቃጥ የመረጧቸው ለዚሁ ነበር።

ሐይቆችን አልጌ የሚያለብሳቸው ምን እንደሆነ በዘመኑ ያከራክር ነበር፤ ምርታቸው ፎስፌት ያለበት የዱቄት ሳሙና አምራቾች ጥፋቱን ወደ ካርቦን ያዞሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የዴቪድ ሺንድለር ቡድን ሐይቅ ቁጥር 226ን በመጋረጃ ለሁለት ከፈለው። ካርቦንና ናይትሮጅን ለሁለቱም፣ ፎስፈረስ ግን ለአንዱ ወገን ብቻ ተጨመረ። አረንጓዴ የለበሰው ያ ወገን ነበር። ከአየር የተነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ ሰንጠረዥ ይልቅ አሳማኝ ይመስለናል፤ ፎስፌት እንዲቀነስ ለሚሟገቱትም ጽኑ ማስረጃ ሆናቸው።