ነጩ የጥርስ ሙሌት ለምን ይወልቃል?

አላህ (ሱ.ወ) ከለገሰን ጸጋዎች አንዱ ጥርስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሲዋክ የሰጡት ትልቅ ቦታም የአፍ ንጽሕና ከዲናችን ጋር ምን ያህል የተቆራኘ እንደሆነ ያሳያል። ይሁንና ጥርስ አንዴ ከተቦረቦረ ሲዋክም ሆነ ብሩሽ ቀዳዳውን መልሶ አይደፍነውም፤ ሐኪም የተበላሸውን አጽድቶ ሊሞላው ይገባል። ብዙዎች ግን “አስሞልቼው ብዙም ሳይቆይ ወለቀ”፣ “ከተሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ያመኛል” ሲሉ ይሰማል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር አምዳችን ኮምፖዚት የሚባለው ነጭ ሙሌት ከጥርስ ጋር እንዴት እንደሚጣበቅና ምን እንደሚያላቅቀው እንመለከታለን።

ሙሌቱ በምን ይያዛል?

ብርማ ቀለም ያለው አማልጋም በተለመደው አሠራር ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። ጉድጓዱ ከአፉ ጠበብ፣ ከውስጡ ሰፋ ተደርጎ ስለሚቦረቦር ሙሌቱ በቅርጹ ተይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ሲባል አንዳንዴ ጤነኛው የጥርስ ክፍልም ይነካል። ሜርኩሪ ስላለበትም አጠቃቀሙ እየቀነሰ መጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልዩ የሕክምና ምክንያት ከሌለ በቀር እንዳይሠራበት ከልክሏል።

ኮምፖዚት ደግሞ ደቃቅ የመስታወት ብናኝ የተቀላቀለበት ሬዚን ነው። ብቻውን ጥርስን አጥብቆ አይዝም። መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ ማይክል ቦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ፎስፎሪክ አሲድ የጥርስን የላይኛ ሽፋን ሻካራ እንደሚያደርገውና ሬዚን በዚያ ላይ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። የዛሬው ሕክምናም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁለት የተለያዩ ገጾች

ኤናሜል የሚባለው የላይኛ ሽፋን ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ሐኪሙ በአብዛኛው 37 በመቶ ገደማ የሆነ የአሲድ ጄል ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቀባዋል። አሲዱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ታጥቦ ሲደርቅም ገጹ እንደ ጠመኔ ይነጣል። ከዚያ የሚቀባው ቀጭን ማጣበቂያ (ቦንድ) ወደ ቀዳዳዎቹ ሰርጎ ሲጠነክር እንደ ዛፍ ሥር ይይዛል።

ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ውኃና ኮላጅን የተባሉ ጭረቶች አሉት። አሲዱ ከታጠበ በኋላ ከመጠን በላይ ከደረቀ ጭረቶቹ ይተኛሉ፣ ቦንዱም ሊሰርግ አይችልም። ውኃ ከበዛበትም መያዣው ይዳከማል። ስለዚህ ዴንቲኑ በስሱ ርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በቦንዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወይም አሴቶን በአየር ተነፍቶ እንዲተን ይደረጋል። አንዳንድ ቦንዶች አሲዱን በውስጣቸው ስለያዙ አሲድ ለብቻው ላይቀባ ይችላል።

ክፍተት ከየት ይመጣል?

ኮምፖዚት በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። ሲጠነክርም በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይሆናል። ቦንዱ ደካማ ከሆነ ሙሌቱ ከጥርሱ ግድግዳ ይላቀቃል። የተለመደው ኮምፖዚት ከ2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር የሚሞላውም ብርሃኑ እስከ ታች እንዲደርስና መኮማተሩ እንዳይጎዳ ነው።

በክፍተቱ ምራቅና ባክቴሪያ ይገባሉ፤ ሙሌቱ ከላይ ደህና መስሎ ጥርሱ ከሥር ይበሰብሳል። በቀዝቃዛ ነገር የሚመጣው ሕመም አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ጠላት በሥራው ጊዜ የሚነካው ምራቅ ነው። የተዘጋጀው ገጽ በምራቅ ከተነካ ቦንዱ በደንብ አይዝም፤ ገጹ እንደገና መጽዳት አለበት። ሐኪሙ የላስቲክ መጋረጃ፣ ጥጥና ምራቅ መምጠጫ ቱቦ የሚጠቀመው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ከድድ በታች ከሆነና ማድረቅ ካልተቻለ ሌላ ዓይነት ሙሌት ሊመረጥ ይችላል።

በረመዳንስ?

ብዙዎች ጾም ይፈርሳል ብለው ሕክምናውን ያዘገያሉ፤ በዚህ መሐል ትንሿ ቀዳዳ እስከ ነርቭ ልትደርስ ትችላለች። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ወደ ጉሮሮ የሚሄደው እስካልተዋጠ ድረስ ጥርስ መቦርቦርም ሆነ መነቀል ጾምን አያፈርስም፤ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌም እንዲሁ። ቢዘገይ የማይጎዳውን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ እንደሚገባም መክሯል። ጥርሱን ደረቅ አድርጎ የሚጠብቀው የላስቲክ መጋረጃና መምጠጫው ቱቦ ውኃ እንዳይዋጥም ይረዳሉ።

ታካሚው ምን ያድርግ?

• ለሕመም ብለው ቅርንፉድ ወይም የቅርንፉድ ዘይት ቀዳዳው ውስጥ አድርገው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የሬዚኑን መጠንከር ሊያዳክም ይችላል።
• በሥራው መሐል አፍዎን አይዝጉ፣ ልጉመጥመጥ አይበሉ። ካስቸገረዎት እጅዎን ያንሱ።
• ኮምፖዚት ወዲያው ስለሚጠነክር መብላት ይቻላል፤ ማደንዘዣ ከተወጉ ግን ከንፈርና ምላስዎን እንዳይነክሱ ድንዛዜው እስኪለቅ ይታገሱ።
• ሲነክሱ ሙሌቱ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ከጥቂት ቀናት በኋላ ካልቀነሰና ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ሳይዘገዩ ይመለሱ።
• በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ፤ በተለይ የሙሌቱን ጠርዝ። ስኳር የበዛበትን ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይቀንሱ። ቴምር ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ከበሉ በኋላ በውኃ ይጉመጥመጡ።

ሙሌቱን አጣብቆ ማሸግ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ጠርዙን ከዳግም መቦርቦር መጠበቅ ግን በየቀኑ የእኛ ነው። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።