ዕጢው ከወጣ በኋላ

ከአራት ኪሎ ግቢያችን ተነስተን ፒያሳ ደርሰን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በሚጀምረው የቸርችል ጎዳና ቁልቁል ብንወርድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን እናገኛለን። የአንጎል ዕጢ የታየባቸው ሕሙማን ከየአቅጣጫው ከሚመጡባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ሲጠናቀቅ አስታማሚ ሁሉ «ተገላገልን» ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የወጣው ዕጢ ጠባዩ ምን ዓይነት ነበር?

ለምሳሌ ሜኒንጂዮማን እንውሰድ። ይህ ዕጢ የሚነሣው ከራሱ ከአንጎሉ ሳይሆን አንጎልን ከሸፈኑት ስስ ልባሶች ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1922 የሰጡት አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃርቬይ ኩሺንግ ናቸው። አብዛኛው ሜኒንጂዮማ በዝግታ የሚያድግ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም።

ግሬድ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ግሬድን ከካንሰር የስርጭት ደረጃ ጋር እናምታታለን። የስርጭት ደረጃ በሽታው የት እንደ ደረሰ ሲነግረን፣ ግሬድ ግን የህዋሶቹን ጠባይ ይነግረናል። ከሕመምተኛው የተወሰደው ናሙና በፎርማሊን ተጠብቆ፣ በሰም ተይዞ፣ 4 ማይክሮ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ይከተፋል፤ ከዚያም ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፓቶሎጂስቱ በ10 የዕይታ መስኮች ውስጥ በመከፋፈል ላይ ያሉ ህዋሶችን ይቆጥራል። ቁጥራቸው ከ4 እስከ 19 ከሆነ ግሬድ 2፣ 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል። ዕጢው ወደ አንጎሉ ሰርጎ ከገባ ቁጥሩ ቢያንስም ግሬድ 2 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምደባ ደግሞ አንዳንድ የዘረመል ለውጦች ብቻቸውን ዕጢውን ግሬድ 3 ያሰኙታል።

ሕክምናው እንዴት ይወሰናል?

ውሳኔው በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ በግሬዱና ቀዶ ሐኪሙ ሳያወጣው በቀረው የዕጢ መጠን። ግሬድ 1 ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ጨረር አያስፈልግም፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ግን በኤም.አር.አይ. ክትትል ይደረጋል። ግሬድ 2 ሆኖ ቅሪት ካለ ጨረር ይመከራል፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግን ጠበብቱ ገና አልተስማሙም። ግሬድ 3 ከሆነ ቅሪት ኖረም አልኖረም ጨረር ይሰጣል። መጠኑ ለምሳሌ 60 ግሬይ ቢሆን በአንድ ቀን አይሰጥም፤ በ2 ግሬይ ተከፍሎ 30 ጊዜ ይሰጣል እንጂ። ምክንያቱም ጤነኛ ህዋሶች በየመሐሉ የተጎዳ ዲ.ኤን.ኤ.ያቸውን የመጠገን ፋታ ያገኛሉ።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ለብዙ ዓመታት ብቸኛው ማዕከል እርሱ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። ይሁንና ናሙናው ቢጠፋ፣ ወይም ውጤቱ ሳይወሰድ ሕመምተኛው ወደ አገሩ ቢመለስ፣ ያ ሁሉ ድካም መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በቤተሰባችን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ «የፓቶሎጂ ውጤቱ መጣ ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

በሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ በመከፋፈል ላይ ያሉ ህዋሶችን ስንቆጥር ለፈተና ብቻ ይመስለን ይሆናል። ያው ቆጠራ በሌላ ማይክሮስኮፕ ሥር የአንድን ሰው ቀጣይ ሕክምና ይወስናል።