የባዕድን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ፈትቶ ስለ ማወቅ

ወደ አሶሳ ገበያ የሚመጣው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በአብዛኛው በባዕድ አገር የተሠራ ነው። ዕቃው በተበላሸ ጊዜ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ፣ ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የሻጩ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ችግር ከነጋዴ ይልቅ በጦር ሠራዊት ላይ ይከብዳል፤ ስለዚህም የሌላውን መሣሪያ ፈትቶ አሠራሩን የመመርመር ጥበብ በይበልጥ ያደገው በጦርነት ጊዜ ነው።

የካቲት 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌሊት የእንግሊዝ የጃንጥላ ወታደሮች በፈረንሳይ ጠረፍ፣ በብሩኔቫል አጠገብ ወርደው «ቩርትስቡርግ» የተባለውን የጀርመን ራዳር በባለሙያ አስፈቱ፤ ዋና ዋና ክፍሎቹንም በባሕር ይዘው ተመለሱ። ዐዋቂዎች ክፍሎቹን መርምረው ሁለት ቁም ነገር አገኙ። አንደኛው፣ ራዳሩ የሚሠራበትን የሞገድ ርዝመት እንደ ልብ ለመለወጥ የማይችል መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በልኩ የተቆረጠ፣ አሉሚኒየም የተለበጠ ወረቀት ከሰማይ ቢበተን ግራ እንደሚጋባ ተረጋገጠ፤ ይህም በሐምሌ ወር 1935 ዓ.ም. በሐምቡርግ ላይ ተፈጸመ። ሁለተኛው፣ መሣሪያው በየክፍሉ እየተነቀለ የሚተካ ሆኖ በመሠራቱ ለጥገና እጅግ የቀለለ መሆኑ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው፣ ትልቁ ትርፍ መሣሪያውን አስመስሎ መሥራት ሳይሆን ሠሪው ስለ ምን እንደዚያ አድርጎ እንደ ሠራው መረዳት ነው። መልክና መጠን በዓይን ይታያሉ፤ የብረቱ ቅይጥ፣ የፍተሻው ሥርዓት፣ ዛሬም በቺፕ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም ግን መፍቻ ለያዘ ሁሉ አይገለጡም።

ዕውቀት ከልምድ ጋራ እንዴት እንደ ተሳሰረ ለመመልከት ከክልላችን መውጣት አያሻም። በርካታ የመከላከያ ፋብሪካዎችን አሰባስቦ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በጉባ የታላቁን የህዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ተረክቦ ነበር። ሥራው በመዘግየቱ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ውሉ እንዲቋረጥ ተወሰነ፤ በሥራው የቈየ ልምድ ያላቸው የውጭ ኩባንያዎችም ገቡበት። የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ኃይል ሰጠ፤ ግድቡም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የአንዱ ሙያ ብልሃት ብቻውን ለሌላው ሙያ እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ የአሶሳ ነጋዴ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የሬዲዮ መገናኛ ሲገዛ፣ ከዋጋው ጋራ የሽቦውን ሥዕልና የመለዋወጫውን ዝርዝር ይጠይቅ። ጠጋኙም የሚፈታውን ክፍል በቁጥር እየመዘገበ፣ ኤሌክትሪኩንም እየለካ ይሥራ። እንዲህ ያለው መዝገብ ለተከታዩ ጠጋኝ የመጀመሪያ መምህሩ ይሆናል።