ጠበቃ የሚፈለገው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን ጠበቃ የሚፈለገው መጥሪያ ሲመጣ ይመስለናል። እየሠራ የሚማር አንድ ጓደኛችን ያለ አግባብ ከሥራ ተሰናበተ እንበል። ሽማግሌ ሲልክ፥ የአለቃውን ደጅ ሲጠና ወራት ያልፋሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ለሚል ሰው የሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ሽምግልናውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የቀኑ ቆጠራ ሽማግሌ አይጠብቅም። ስለዚህ የስንብቱ ደብዳቤ በደረሰ ሳምንት ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ለወዳጅ ዋስ ሆነን ከመፈረማችን በፊትም እንዲሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም ይላል፤ ይህን ስንቶቻችን አይተን ፈረምን?

ምርጫውስ? ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ያሳምራል እንጂ ችሎት ቆሞ አይከራከርልንም። በወንጀል ክርክር ስሙ የገነነ ጠበቃም ለደመወዝ ጉዳይ የግድ አይሻልም፤ የዘወትር ሥራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሆነውን እንፈልግ። የጥብቅና ፈቃዱን፥ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሠራበትም እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዋጋውንም አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ጓደኛ ደግሞ የቅጥር ውሉንና የስንብት ደብዳቤውን ይዞ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ጎራ ይበል፤ በርከት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለችግረኛ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።