ተጨማሪ መረጃ፦ ኪራይ በመቶኛ ሲሰላ

መቶኛ የት የት እንደሚያገለግል አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ የቤት ኪራይ ነው። በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ፖይንዴክስተር ቪሌጅ የተባለው መንግሥት የሠራው የመኖሪያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1940 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ተገኝተው ነበር። ዛሬም በከተማዋ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በመንግሥት ለሚደጎም ቤት ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ተራ መጠበቅ አለባቸው። ቤት የደረሰው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የተስተካከለ ገቢውን 30 በመቶ ነው።

የተስተካከለ ገቢ፦ እንደ ልጆች ላሉ ጥገኞች የሚፈቀደውን የመሳሰሉ ቅናሾች ከጠቅላላ ገቢ ላይ ሲነሱ የሚቀረው ገንዘብ።

ለምሳሌ፣ የአንድ ቤተሰብ የተስተካከለ ወርሃዊ ገቢ 2,000 ዶላር ከሆነ ኪራዩ 600 ዶላር ይሆናል።

ሞክሩ፦ በአዲስ አበባው የ20/80 ኮንዶሚኒየም የቤት ፕሮግራም ቅድመ ክፍያው የቤቱ ዋጋ 20 በመቶ ነበር። የቤቱ ዋጋ 300,000 ብር ቢሆን ቅድመ ክፍያው ስንት ነው?