ለክፍልም ለጌምም፦ በመካከለኛ ዋጋ ላፕቶፕ መምረጥ

መገናኛ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ «ይሄ ላፕቶፕ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ከሱቅ ሱቅ ብዙም አይለያይም፦ «ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ»። መልሱ ውሸት የለበትም። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ለወጣ ማሽንም በ2022 ለወጣ ማሽንም ያው አንድ መልስ መሰጠቱ ነው። የመጀመሪያው ውስጥ ያለው አይ5-3320ኤም የሚባል ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ውስጥ ደግሞ አይ5-1235ዩ፣ ባለአሥር ኮር። የሁለቱም ስቲከር «ኮር አይ ፋይቭ» ይላል። ለልጁ የሚገዛን ወላጅም ሆነ ለወራት ያጠራቀመን ተማሪ ለኪሳራ የሚዳርገው በዚያች አጭር መልስ ውስጥ ያልተነገረው ነገር ነው።

ዋጋ በቁጥር አልጠቅስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አልረጋም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለከርሞ አይሠራም። መካከለኛ የምለው ወርድና ፓወርፖይንት ከመክፈት የማያልፍ ርካሽ ማሽንና ጌም ብቻ ታስቦ የተሠራ ውድ ማሽን፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነው። በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው ሁሉን አያገኝም፤ የግድ የሚተወው ነገር አለ። የቱን ይተው ለተባለ መልሴ አንድ ነው፦ በኋላ ሊስተካከል የሚችለውን። አብዛኛውን ጊዜ ራም ይጨመራል፣ ኤስኤስዲ ይቀየራል፣ ባትሪም ይገዛል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ግን በአሁኖቹ ላፕቶፖች ላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው፤ በገዙበት ቀን የነበረው አቅም እስከ መጨረሻው አብሮ ይኖራል። ስለዚህ 8 ጊጋ ራም ያለው ባለደህና ፕሮሰሰር ማሽን፣ 16 ጊጋ ከተጫነበት ያረጀ ማሽን ይበልጣል። ገበያው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ተቃራኒው ነው፤ ያረጀው ማሽን ራም ተጨምሮለት፣ ትልቅ ኤስኤስዲ ተገጥሞለት በአዲሱ ዋጋ አጠገብ ይቀመጣል።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ሙሉ ስሙ ከተነበበ ዕድሜውን አይደብቅም። አይ5-8250ዩ የሚለውን እንውሰድ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱን ያመለክታል። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ ይህ ቁጥር ሁለት አኃዝ ይሆናል፤ 1135ጂ7 አሥራ አንደኛ፣ 1235ዩ አሥራ ሁለተኛ ነው። ስምንተኛው ትውልድ ለተማሪ ዋና ድንበር ነው። ከእርሱ በፊት በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የነበሩት አይ5 ፕሮሰሰሮች ሁለት ኮር ብቻ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 8250ዩ አራት ይዞ መጣ። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ሞዴሎች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በዘዴ የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም፤ ወደፊት አፕዴት እየደረሰው ለመቀጠሉ ግን ማንም ዋስ አይሆንም። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ረክሶ ቢገኝ እንኳ ለአራትና ለአምስት ዓመት ትምህርት የሚገዛ ሰው ይለፈው እላለሁ።

መጨረሻ ላይ ያለችውም ፊደል ትርጉም አላት። ዩ ማለት 15 ዋት አካባቢ የሚወስድ፣ ባትሪ የሚቆጥብ ማለት ነው፤ ኤች ደግሞ 45 ዋት አካባቢ የሚበላ፣ ጉልበት ያለው ግን የሚሞቅ። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ጥሩዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 5500ዩ እና 5600ዩ ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ ሆኖም የመጀመሪያው በዜን 2፣ ሁለተኛው በአዲሱ ዜን 3 ንድፍ የተሠሩ ናቸው። 7520ዩ ደግሞ በሰባት ሺህ ቤት ተሰይሞ ሳለ ውስጡ ያው ዜን 2 ነው፤ ኮሩም አራት ብቻ። ትልቁን ቁጥር አይቶ መግዛት እዚህ ላይ አያዋጣም።

«አዲስ፣ ከነካርቶኑ» የሚለው ቃልም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሴሌሮን ኤን4020 የተገጠመለት አዲስ ላፕቶፕ ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ ብዙ ጊዜም 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ይዞ ይመጣል። ኢኤምኤምሲው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አውጥቶ በትልቅ መተካት አይቻልም። ለዓመታት በሥራ ላይ የቆየ ባለ8250ዩ ማሽን ይህን አዲስ ዕቃ በሁሉም ሥራ ይበልጠዋል።

ወደ ጌሙ እንምጣ። አንዳንዴ የሚጫወት ተማሪ ምን ይጫወታል? አብዛኛው ፕሌይስቴሽን ቤት የለመደውን ኳስ፣ ማለትም ፔስ ወይም ፊፋ፤ ከዚያ ጂቲኤ 5፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ቫሎራንት። ከእነዚህ ውስጥ ፔስ 2017ን የመሰሉት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ብቻ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 በስምንተኛው ትውልድ ዩኤችዲ 620 ግራፊክስ ላይ የሚከፈተው የስክሪኑ ጥራት ወደ 720 ወርዶ፣ ሁሉም ነገር ዝቅ ተደርጎ፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም አካባቢ እያስቆጠረ ነው። መጫወት ይቻላል፤ መኪናው ሲፈጥንና ፖሊስ ሲበዛ ግን ምስሉ ይቆራረጣል። 4 ጊጋ የራሱ ሚሞሪ ያለው ጂቲኤክስ 1650 በተገጠመለት ማሽን ላይ ይኸው ጌም በ1080፣ ጥራቱ ከፍ ተደርጎ፣ ከ60 ፍሬም በላይ ይሄዳል።

በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የማያውቃት መንገድ አለች። ብዙዎቹ የኢንቴል የአሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች አይሪስ ኤክስኢ የሚባል የተሻለ ግራፊክስ በውስጣቸው አላቸው፤ ግራፊክሱ ግን የሚጠቀመው የማሽኑን ራም ስለሆነ ራሙ በአንድ ቁራጭ ብቻ ከተገጠመ መንገዱ ይጠበዋል። እንዲያውም በአንድ ራም ሲሠራ ዊንዶውስ ራሱ «አይሪስ» ማለቱን ትቶ «ዩኤችዲ» ብሎ ይጽፈዋል። በሁለተኛው ቀዳዳ ተመሳሳይ ራም ሲሰካ ስሙም ይመለሳል፣ የጌሙም ፍሬም በግልጽ ይጨምራል። ለራይዘኖቹም እንዲሁ ነው። ከጌም በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ካለ ይህ ሁለተኛ ራም ነው።

ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስሙን ብቻ አይቶ አይርካ። አርቲኤክስ 3050 የላፕቶፕ ካርድ እንደ አምራቹ ፍላጎት ከ35 ዋት እስከ 80 ዋት ተመድቦለት ይሠራል፤ አርቲኤክስ 4050 ከ35 እስከ 115። 35 ዋት የተሰጠው ቀጭንና ጸጥ ያለ ማሽን ውስጥ ያለው ካርድ፣ ሙሉ ዋት ከተሰጠው ወንድሙ በእጅጉ ያንሳል፤ ስሙ ግን ያው ነው። የዋቱ መጠን በሱቁ ወረቀት ላይ አይገኝም፤ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ይዞ አምራቹ ካወጣው ዝርዝር መፈለግ ያስፈልጋል። ቻርጀሩም ይጠቁማል፦ ቀጫጭኖቹ የቢሮ ማሽኖች 45 ወይም 65 ዋት ሲይዙ፣ የጌም ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ 135 ዋትና ከዚያ በላይ ያለው ጡብ የሚያክል ቻርጀር አላቸው።

እዚህ ላይ የትምህርት ክፍሉ ይፈርዳል። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ጤና ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ የሚማር ልጅ ኤክሴልና ኤስፒኤስኤስ ነው የሚከፍተው፤ ለእርሱ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ለሳምንት መጨረሻ ጌም ሲባል ሰባቱን ቀን ከባድ ማሽን መሸከም ነው። የጌም ላፕቶፖች 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፣ ከነቻርጀራቸው ደግሞ ሦስት ኪሎ ይጠጋሉ፤ ሶኬት በሌለበት የንግግር አዳራሽም ቶሎ ይጠፋሉ። አርክቴክቸር፣ ሲቪል ወይም ሜካኒካል ምህንድስና የሚገባ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሬቪት፣ ሶሊድወርክስ፣ የሕንፃ ምስል የሚያወጡት ሬንደር ፕሮግራሞች ካርዱን ይፈልጉታል፤ እዚያ ላይ ጌሙ ምርቃት ይሆናል። ሶፍትዌር የሚማር ደግሞ ከካርድ ይልቅ ራም ያስፈልገዋል፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ከኢሙሌተሩ ጋር ሲከፈት 8 ጊጋ አይበቃውም። ማክቡክን የሚመኝ የምህንድስና ተማሪ ሶሊድወርክስ ለማክ እንዳልተሠራ አውቆ ይግባበት።

ካርድ ለማያስፈልገው ብዙኃኑ ተማሪ የእኔ ምርጫ አዲስ ዕቃ አይደለም። በውጭ አገር ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያስወጧቸው የቢሮ ላፕቶፖች አሉ፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ የዴል ላቲቲዩድ 5490፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በዚህ ረድፍ ይመደባሉ። ሦስቱም በስምንተኛ ትውልድ ይገኛሉ፣ ሦስቱም ሁለት የራም ቀዳዳ አላቸው። ቲ480ን ለየት የሚያደርገው ባትሪው ነው፦ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከኋላ በእጅ የሚነቀል። ማሽኑ ሳይጠፋ የኋላውን ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል፤ የኋላው ትልቁ 72 ዋት-ሰዓት ይይዛል። መብራት በሚቆራረጥበት ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቲ480 ግን በ1366 በ768 ስክሪንም ይሸጥ ስለነበር በዚያ ያለውን ይለፉት። ሰነድና ቪዲዮ ጎን ለጎን ከፍቶ ለሚያጠና ሰው 1920 በ1080 ዝቅተኛው ልክ ነው።

አሁን ሱቅ ውስጥ ነን፤ ማሽኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲገቡ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም በስተቀኝ ከላይ ይነበባል፤ የስቲከሩ ክርክር እዚያ ያበቃል። ሚሞሪ የሚለውን ሲነኩ ከሁለት ቀዳዳ ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። ፎርም ፋክተር ከሚለው ጎን «ሶዲም» ካለ ራሙ የሚነቀል ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ተበይዷል ማለት ነው። ይህች አንዲት መስመር ከሻጩ ቃል ሁሉ ትበልጣለች። ቀጥሎ በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት ትእዛዝ ያስጽፉ። የሚወጣው ገጽ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ 50 ሺህ የነበረው ወደ 30 ሺህ ከወረደ የባትሪ መግዣ ከዋጋው ላይ ይቀነስ ብሎ መከራከር ይገባል።

ያገለገለ የድርጅት ማሽን አንድ የተደበቀ አደጋ አለው፤ ቁልፍ። ሲነሣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡ፤ ፓስወርድ ከጠየቀ አይግዙት። ቲንክፓድ ላይ የባዮሱ ዋና ፓስወርድ ከጠፋ ሌኖቮ የሚያውቀው መፍትሔ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው። ሌላው ቁልፍ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ የሚታይ ነው፦ የአንድ የውጭ ድርጅት ስም ብቅ ብሎ የሥራ ኢሜይል ይጠይቃል። የሚቻል ከሆነ ዊንዶውሱ እርስዎ ባሉበት ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ከአዲስ ይጫን።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ማሽን በቮልቴጅ በኩል አያሳስብም፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፎ ይገኛል፤ የሚጎድለው የሶኬቱ መቀየሪያ ብቻ ነው። ከፈረንሳይ የሚመጣው ግን የኪቦርዱ ፊደላት የተቀያየሩ ናቸው፤ ከዱባይ የመጣው ደግሞ ዐረብኛ ተደርቦበት ሊሆን ይችላል፤ የኋለኛው ለሥራ አያስቸግርም።

ዋስትናውን በተመለከተ፣ ሻጩ የሚሰጠውን የመመለሻ ቀን በደረሰኙ ላይ ያስጽፉና ቀኖቹን ይጠቀሙባቸው። ያለዎትን ከባዱን ጌም ከፍተው ቻርጀሩ እንደተሰካ አንድ ሰዓት ያጫውቱት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፍሬሙ በግማሽ ከወረደ ማሽኑ ሙቀቱን መቆጣጠር አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ማራገቢያው በአቧራ ተዘግቷል ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቅባት ደርቋል። ይህ በጥገና ይስተካከላል፤ ሻጩ በራሱ ወጪ እንዲያስጠግን ይጠይቁት። ማሽኑ በጌሙ መሐል ራሱን የሚያጠፋ ወይም ስክሪኑ ላይ ቀለማት የሚበታትን ከሆነ ግን ጥገና አይቀበሉ፤ ቀኑ ሳያልፍ ይመልሱት።