የጠፈር ፕላዝማ የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጨው እንዴት ነው?

በያዮም ሆነ በመቱ ስለ ሬዲዮ ሞገድ የሚማር ተማሪ ምንጩ የማሠራጫ ጣቢያ አንቴና ብቻ ይመስለዋል። ሆኖም ሞገዱ አንቴና በሌለበት፣ በፀሐይና በመሬት መካከል ባለው ጠፈርም ይመነጫል።

ይህ ጠፈር ባዶ አይደለም፤ ከፀሐይ የሚነፍስ ፕላዝማ፣ ማለትም የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች ስብስብ፣ ይገኝበታል። በፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲደርስ የኤሌክትሮኖች ጎርፍ ከብርሃን ፍጥነት እስከ አንድ ሦስተኛ በሚደርስ ፍጥነት ይለቀቃል። ጎርፉ የፕላዝማውን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛል፤ ከውዝዋዜው ጉልበትም ጥቂቱ ወደ ሬዲዮ ሞገድነት ይለወጣል። ይህን ሐሳብ ጊንዝበርግና ዤሌዝንያኮቭ በ1958 እ.ኤ.አ. አቀረቡ፤ ሂሊዮስ የተባሉት መንኮራኩሮችም በ1970ዎቹ ውዝዋዜውን በስፍራው ለኩ።

ስሌቱ ለክፍል የሚመች ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚገኙትን ኤሌክትሮኖች ቁጥር ስኩዌር ሩት በ9 ብናባዛ የውዝዋዜውን ድግግሞሽ በኪሎ ኸርዝ እናገኛለን። ቁጥሩ 100 ሲሆን 90፣ በመሬት አካባቢ እንደሚያጋጥመው 9 ሲሆን 27 ይሆናል። ስለዚህ ጎርፉ ከፀሐይ በራቀ መጠን ድግግሞሹ ይወርዳል።

እንዲህ ያለውን ሞገድ አዮኖስፌር ወደ ጠፈር ስለሚመልሰው በኢሉባቦር የሚገኝ ሬዲዮ አይቀበለውም። የአጭር ሞገድ ሥርጭት በቀን ድንገት ሲጠፋ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም የፍንዳታው ኤክስ ሬይ የአዮኖስፌርን የታችኛውን ክፍል ስለሚያጠነክረው ሞገዱ በዚያ ይዋጣል። የፍንዳታው አሻራ በመሬት መግነጢስ መዝገብም ይታያል፤ የአዲስ አበባው መዝገብ የተጀመረው ከ1957–58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው።

እንግዲህ ትምህርት በሬዲዮ በሚሰጥበት ሥፍራ መምህሩ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ከመፍታቱ በፊት ጥቂት ይታገሥ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ሁለቱን ክስተቶች ለይተው ቢያቀርቡ ተማሪው የሰማዩን ነገር በስሌት መመርመርን ይለምዳል።